«ሰንሰለት» ወይስ «ቅርንጫፍ»፦ ስለ ትልልቅ የችርቻሮ መደብሮች አሰያየም

የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ከልሏቸው የነበሩት የችርቻሮና የጅምላ፣ እንዲሁም የገቢና የወጪ ንግድ መስኮች፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001/2016 አማካይነት፣ የተደነገጉትን ሁኔታዎች ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶችም ተከፍተዋል። የመመሪያው ይዘት የሕግና የምጣኔ ሀብት ዐዋቂዎች ጉዳይ ነው። እኛን የሚመለከተን ከእርሱ ጋር አብሮ የመጣው የትርጉም ሥራ ነው። በአንድ ስምና በአንድ አመራር በብዙ ቦታ ስለሚነግዱ ትልልቅ መደብሮች የሚናገር ውል፣ ዜና፣ የጥናት ዘገባና ማስታወቂያ ወደ አማርኛ መመለስ ግድ ሆኗል። ተርጓሚውም እንግሊዝኛው «ቼይን ስቶር» የሚለውን አንድ ጊዜ እንዳለ በፊደላችን ይጽፈዋል፤ ሌላ ጊዜ «ሰንሰለት መደብር»፣ ሲያሻውም «ሰንሰለታማ ሱቅ» ይለዋል። «ሰንሰለት» ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ ለምን እንደማይስማማ፣ በቋንቋውም ውስጥ ምን የተሻለ ቃል እንዳለ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለምሳሌነት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኘውን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ፣ ጉንደ ወይንን ነው። እንዲህ ባለች ከተማ ቃሉ ከመደብሩ ቀድሞ ይደርሳል። በሬዲዮ ዜና «ሰንሰለት መደብሮች ሊገቡ ነው» ሲባል የሚሰማው ባለሱቅ ስለ ራሱ መተዳደሪያ የተነገረውን በትክክል መረዳት አለበት። ቃሉ የሚፈተነውም በእርሱ ጆሮ ነው።

በመጀመሪያ የሚሰየመውን ነገር እንለይ። በነገሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንደኛው የመደብሮቹ ብዛትና የአመራራቸው አንድነት ነው፤ ይኸውም አንድ ባለቤት በብዙ ቦታ መደብር ከፍቶ፣ ሸቀጡን በአንድነት ገዝቶ፣ በአንድ ስምና በተመሳሳይ ሥርዓት ሲሸጥ ማለት ነው። ሁለተኛው የአሻሻጡ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ገዢው ከመደርደሪያው ራሱ አንሥቶ፣ በመውጫው በኩል ሒሳቡን የሚከፍልበት መደብር ነው። በአሜሪካ እነዚህ ሁለቱ የተገናኙት ቀስ በቀስ ነበር። ባለ ብዙ መደብር ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ነበሩ፤ ገዢው በገዛ እጁ የሚያነሣበትን ሥርዓት ግን ፒግሊ ዊግሊ የተባለው መደብር በሜምፊስ ከተማ የጀመረው በ1916 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙዎች የመጀመሪያው ሱፐርማርኬት የሚሉት ኪንግ ከለን ደግሞ በኒው ዮርክ የተከፈተው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ «ሱፐርማርኬት» ስለ አሻሻጥ፣ «ቼይን» ስለ ብዛትና አመራር የሚናገሩ ሁለት ቃላት ናቸው። አንድ ሱፐርማርኬት ብቻውን ሊቆም ይችላል፤ ባለ ብዙ መደብር የሆነው ነጋዴም ሱፐርማርኬት ላይሆን ይችላል፤ ጫማ ወይም መድኃኒት ሊሸጥ ይችላልና።

አማርኛ ከሁለቱ የተቀበለው የመጀመሪያውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባምቢስ ለብዙ ዓመታት ሱፐርማርኬት ሲባል የኖረው ብዙ መደብር ስላለው አልነበረም። ስሙ ከመደብሩ አልፎ የአካባቢው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ታክሲ ተሳፋሪው «ባምቢስ ወራጅ» ሲል ሸቀጥ ሊገዛ ላይሆን ይችላል። ሸዋ፣ ኩዊንስና ሌሎችም ከአንድ በላይ ቦታ ሲከፍቱ ሕዝቡ ለብዛታቸው አዲስ ስም አላወጣላቸውም፤ «የቦሌው ሸዋ» እያለ በቦታ ለይቶ ይጠራቸዋል። ተርጓሚ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ተናጋሪው ሕዝብ መደብሩን የአንድ ረጅም ሰንሰለት ቀለበት አድርጎ አላየውም፤ አንድ ስም ያለው፣ በየቦታው የተተከለ ነገር አድርጎ አይቶታል።

በዚህ አጋጣሚ ከገበያ ጋር የተያያዙት የውሰት ቃላት ያደረጉትን ጉዞ ብንመለከት ለርእሳችን ይጠቅማል። «ሱቅ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ ገበያ ማለት ነው፤ ከዚያም በፊት በአካድኛ መንገድ ማለት ነበር። አማርኛ ሲወስደው ትርጉሙን አጥብቦ አንድ ክፍል ቤት አደረገው። «መርካቶ» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ማንኛውም ገበያ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ ከተማው ገበያ የተጸውዖ ስም ሆኖ ቀረ። «ባዛር» በፋርስኛ ገበያ ነው፤ በአማርኛ በበዓል ሰሞን የሚዘጋጅ የሽያጭ ትርኢት ነው። በ«ሱፐርማርኬት» ውስጥ ያለው «ማርኬት»ም በእንግሊዝኛ ገበያ ነው፤ «ሚኒ ማርኬት» ሲሆን በእኛ ከተሞች ከሱቅ እምብዛም የማይበልጥ ቤት ነው። አራት ቋንቋዎች ለገበያ ያላቸውን ቃል ሰጡን፤ አንዱም ግን በአማርኛ «ገበያ» የሚለውን ቦታ አልያዘም። እያንዳንዱ ራሱን አጥብቦ በአንድ ጥግ ተቀመጠ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በከተሞች የተስፋፉት የሳምንት መጨረሻ መሸጫዎች እንኳ «የእሑድ ገበያ» ነው የተባሉት። «መጋዘን»ም የሚመሳሰል ታሪክ አለው፤ ዐረብኛው «መኽዘን» በጣሊያንኛ በኩል ወደ እኛ መጥቶ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ሲቀር፣ ወደ ፈረንሳይኛ የሄደው ግን መሸጫ መደብር ሆኗል። ከፈረንሳይኛ የሚተረጉም ሰው «ማጋዘን» የሚል ድምፅ ሲሰማ «መጋዘን» ብሎ እንዳይጽፍ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ቋንቋው ገበያን ይህን ያህል አጥብቆ የያዘበት ምክንያት ገበያ ቦታ ብቻ ስላልሆነ ነው። በጉንደ ወይን የገበያ ቀን ማለት የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ የሚጠየቅ፣ የሚታረቅ፣ ወሬ የሚሰማበት ቀን ማለት ነው። ጤፉ በቁና ወይም በጣሳ ይሰፈራል፤ ድንችና ሽንኩርቱ በመደብ በመደብ ተከፍሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከተሰፈረ በኋላም ገዢዋ «መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጯም እፍኝ ትጨምራለች፤ ያም «ምራቂ» ይባላል። መረቀ የሚለው ግሥ ባረከም ጨመረም ማለት መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በሱቅም ቢሆን ንግግሩ አይቀርም። ሕፃን ልጅ ባንኮኒው ሥር ቆማ «ጋሼ፣ የሃምሳ ብር ስኳር ይስጡኝ፤ ይጻፉት ብላለች እማዬ» ስትል በአንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ነገር ተናግራለች። መጠኑን የለካችው በኪሎ ሳይሆን በገንዘብ ነው። «ይጻፉት» ማለቷ ዱቤ መጠየቋ ነው። ባለሱቁ እናቷን ስለሚያውቃት ስም አልጠየቃትም። እንዲህ ያለች ገዢ ናት ለባለሱቁ «ደንበኛ» የምትባለው። በትልቁ መደብር ውስጥ ግን ከመግቢያ እስከ መውጫ አንድ ቃል ሳይናገሩ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ዕቃው አስቀድሞ ታሽጎ ተመዝኗል፤ ምራቂ የለም፤ ዱቤም የለም። «ለደንበኞቻችን በሙሉ» የሚል ማስታወቂያ እዚያ ስናነብ ቃሉ ሌላ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው። ትርጉሙ ተሳስቷል ለማለት አይደለም፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱን ፍቺዎች ለይቶ ቁጥር ሊሰጣቸው ይገባል ለማለት ነው።

(ገዢው ራሱን የሚያስተናግድበት ሥርዓት በብዙ ምግብ ቤቶች «ሰልፍ ሰርቪስ» እየተባለ ይጻፋል። እንግሊዝኛ የማያውቅ አንባቢ «ሰልፍ»ን በአማርኛ ፍቺው ወስዶ ተሰልፎ የሚስተናገዱበት ቤት ነው ብሎ ቢረዳ አያስወቅሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሐቁ ያው ነው። ለጽሑፍ ግን «ራስን ማስተናገድ» ይበቃል።)

እንዲህ ያለ የፍቺ ለውጥ በሌላ ቃልም ላይ ደርሷል። «ሸመተ» በመሠረቱ እህል ገዛ ማለት ነው። ጨርቅ ይገዛል፤ ከብት ይገዛል፤ እህል ግን ይሸመታል። በጎጃም ገበሬ አፍ ሸማች ማለት ጎተራው ተሟጦ ለቀለቡ ገበያ የወጣ ሰው ነው። «ሸምቶ አደር» ሲባልም የራሱ ምርት የሌለው፣ ዕለት ዕለት ገዝቶ የሚኖር ማለት ሲሆን፣ «አርሶ አደር» ከሚለው ጎን ሲቆም የዝቅታ ጥላ አለው። ይህንኑ ቃል የሕግና የአስተዳደር ቋንቋ ወስዶ ማንኛውንም ዕቃ ወይም አገልግሎት ለራሱ ፍጆታ ለሚገዛ ሁሉ ሰጠው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስያሜውን በርእሱ ይዟል። በእኛ አስተያየት ምርጫው የሚያስመሰግን ነበር። ከግእዝ አዲስ ቃል ከመቅረጽ ይልቅ ሕያው ቃል አስፍቶ ወሰደ፤ የችግር ጥላውም በአገልግሎት ብዛት ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ «የሸማቾች ማኅበር ሱቅ» ሲባል ጎተራው ስለ ጎደለበት ሰው የሚያስብ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ለተያዘው ጉዳይም የምንመክረው ይኸንኑ መንገድ ነው፤ ሕያው ቃል ፈልጎ ማስፋት።

«ሰንሰለት»ስ ሕያው ቃል አይደለምን? ሕያው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ሥራ ይዟል። በአማርኛ ሰንሰለት በመጀመሪያ እስረኛ ወይም ውሻ የሚታሰርበት ብረት ነው። ቀጥሎም እርስ በርሱ የተያያዘ ተራራ «የተራራ ሰንሰለት» ይባላል፤ ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ የሥልጣን ተዋረድ «የዕዝ ሰንሰለት» ነው። ይህ ሁሉ አይጎዳም ነበር። የሚጎዳው በንግድ ቋንቋ ውስጥ ቃሉ አስቀድሞ የተያዘ መሆኑ ነው። «የግብይት ሰንሰለት» ወይም «የንግድ ሰንሰለት» ስንል ምርቱ ከገበሬው እጅ ወጥቶ በሰብሳቢ፣ በደላላ፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ በኩል ሸማቹ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን የእጅ ልውውጥ ማለታችን ነው። ባለሥልጣኑ «የተንዛዛውን የንግድ ሰንሰለት ማሳጠር ያስፈልጋል» ሲል ደላላው በዝቷል ማለቱ ነው። ይህ አነጋገር ጉንደ ወይን ድረስ የታወቀ ነው፤ የድንቹና የጤፉ ዋጋ በነገሩ አለበትና።

አሁን ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ ሰነድ «የንግድ ሰንሰለቱ ሊያጥር ይገባል» ይላል። ሌላው «ሰንሰለት መደብሮች ሊበረታቱ ይገባል» ይላል። አንባቢው በመጀመሪያው ሰነድ ሰንሰለትን የዋጋ ንረት ምክንያት አድርጎ ተምሮ፣ በሁለተኛው እንዲያበረታታው ይጠየቃል። ትልቁ መደብር ከአምራቹ በቀጥታ ገዝቶ በቀጥታ ሲሸጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ «ሰንሰለት መደብር የንግድ ሰንሰለትን ያሳጥራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣል። በእንግሊዝኛም ቢሆን «ቼይን» የሚለው ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ ነገር ግን እዚያ ሁለቱ አገላለጾች ለየብቻቸው በልማድ ስለ ጸኑ አይምታቱም። እኛ ዘንድ አንዱ ጸንቷል፤ ሁለተኛው ገና እየገባ ነው። በሚገባበት ጊዜ ሌላ ስም መስጠት ይቻላል፤ ከገባ በኋላ ማስወጣት ግን አስቸጋሪ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ሁሉ ሰንሰለትን አልመረጡም። ፈረንሳይኛ ከ«ሼን» ጎን «ሱክኩርሳል» የሚለውን፣ ማለትም ቅርንጫፍን መሠረት ያደረገ ነባር ስያሜ አለው። ጀርመንኛ አንዱን መደብር «ፊሊያለ» ይለዋል፤ ቃሉ በላቲን ሴት ልጅ ከሚለው የወጣ ነው። የብሪታንያ እንግሊዝኛ ራሱ «መልቲፕል» ይል ነበር፤ ባለ ብዙ ማለት ነው። እንግዲህ ምርጫው ክፍት ነው። አማርኛም የራሱን መርጦ ካስቀመጠ ቆይቷል፤ ባንክ ቅርንጫፍ አለው፤ ፖስታ ቤት ቅርንጫፍ አለው፤ «የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ» ሲባል የማይገባው ሰው የለም። ስለዚህ መደብሩን «ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብር»፣ ሲያጥርም «ባለ ቅርንጫፍ መደብር»፣ የተናጠሉን ክፍል ደግሞ «ቅርንጫፍ መደብር» ብንል፣ አዲስ ነገር ሳንፈጥር ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እንገልጻለን። «ሱቅ»ን ትተን «መደብር»ን የመረጥነው «የመጻሕፍት መደብር»፣ «የመድኃኒት መደብር» በሚለው ልማድ መሠረት ሰፊውን መሸጫ ቤት ስለሚያመለክት ነው፤ «ሱቅ» ለባለ ባንኮኒው ይቆይ።

ቅርንጫፍ ግንድን ያስባል። ይህም ጥሩ ጎኑ ነው፤ የዚህ ዓይነት ንግድ ዋና ነገር ውሳኔው የሚሰጠው ሌላ ቦታ መሆኑ ነውና። ዋጋ የሚቆረጠው፣ ሸቀጥ የሚታዘዘው፣ ሠራተኛ የሚቀጠረው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በሰንሰለት ውስጥ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለበት እኩል ናቸው፤ አዛዡ የትኛው እንደሆነ ምሳሌው አይናገርም። እግረ መንገዳችንን የምሳሌ ከተማችን ስም ይኸንኑ ዘይቤ ይዞ እንደሚገኝ እናንሣ። በግእዝ «ጕንድ» የዛፍ ግንድ ነው፤ የአማርኛው «ግንድ» ከንፈራዊነቱን ጥሎ ሲቀር የቦታው ስም ጠብቆታል። ከተማዪቱን «ግንደ ወይን» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «ጉንደ ወይን» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ሁለቱም የወይን ግንድ ማለት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ለጥንታዊው ድምፅ ይቀርባል።

ሆኖም «ቅርንጫፍ» ለሁሉም አይሆንም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው የተከፈቱት ሱቆች ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ ሲያድሉ በመላ አገሪቱ አንድ መልክ ነበራቸው፤ ሸቀጡም በአብዛኛው የሚመጣው ከመንግሥት አከፋፋይ ነበር። ነገር ግን የየቀበሌው ማኅበር እንጂ የአከፋፋዩ ቅርንጫፎች አልነበሩም። «ማከፋፈል» የሚለው ቃል ከመሸጥ ይልቅ ወደ ማደል ያዘነበለ ስሜት የያዘው በዚያ ዘመን ይመስለናል። የዛሬዎቹ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሱቆቻቸው ከታች ተነሥተው ወደ ላይ በ«ዩኒየን» የሚገናኙ ናቸው። እነዚህን ቅርንጫፍ ብንላቸው ግንዱን ከቅርንጫፉ እንዳበቀልን ይቈጠራል፤ «አባል ማኅበር» እና «የአባል ማኅበር ሱቅ» ማለት ይሻላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመውና በኋላ በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር የሆነው «አለ በጅምላ» ግን በትክክል ባለ ቅርንጫፍ ነው፤ ልዩነቱ ለቸርቻሪዎች የሚሸጥ መሆኑ ላይ ነው።

የበለጠ የሚያስቸግረው «ፍራንቻይዝ» የሚባለው ነው። የፈረንሳዩ ካርፉር ስም በሚድሮክ ሥር ባሉት የኩዊንስ መደብሮች ላይ እንዲውል ስምምነት መደረጉ በ2018 ዓ.ም. ሲነገር፣ «ካርፉር ቅርንጫፉን ሊከፍት ነው» ብሎ መተርጐም ይቀናል። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ስምምነት መደብሩ የአገሬው ነጋዴ ነው፤ ከውጭ የመጣው ስሙ፣ የአሠራር ሥርዓቱና የአቅርቦት መንገዱ ነው። ለከሰረ ቅርንጫፍ ግንዱ ይጠየቃል፤ ለከሰረ ስም ተከራይ ግን በመሠረቱ ተጠያቂው ተከራዩ ራሱ ነው። ውል የሚተረጉም ሰው ይህን ካምታታ ጉዳቱ የቃል ብቻ አይሆንም። «ተቀጽላ» የሚለውን ልንመክር አስበን ነበር፤ ቃሉ ግን በዛፍ ላይ በቅሎ ምግቡን ከዛፉ የሚስብ ጥገኛ ተክልን ስለሚያመለክት ነጋዴውን ማሳነስ ይሆናል፤ ደግሞም በዚህ ጉዳይ ከማን እንደሚስብ ግልጽ አይደለም። «የንግድ ስም ኪራይ» የሚለው ክፍያ መኖሩንና ባለቤትነቱ አለመተላለፉን ስለሚያሳይ ለጊዜው ይሻላል እንላለን፤ የሕግ ተርጓሚዎች የተሻለ ካላቸው ይላኩልን። (ካርፉር የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ መስቀለኛ መንገድ ማለት ነው፤ የተጸውዖ ስም ስለሆነ ግን አይተረጐምም።)

የቀረው «ሱፐርማርኬት» እና ታላቅ ወንድሙ «ሃይፐርማርኬት» ነው። የላቲኑ «ሱፐር» እና የግሪኩ «ሃይፐር» ሁለቱም በላይ ማለት ስለሆኑ፣ ልዩነታቸው በትውልድ ቋንቋቸው ሳይሆን በወለል ስፋት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው «ልዕለ ኃያል» በሚለው አርኣያ «ልዕለ ገበያ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለሁለተኛው ምን ሊተርፈን ነው? ከዚህም በላይ ከላይ እንዳየነው እነዚህ ቤቶች በአማርኛ ገበያ አይደሉም። «ሱፐርማርኬት» በሕዝቡ አፍ ስለ ጸና እንዳለ ይቀመጥ፤ አንድ ቃል ስለሆነም ሳይነጣጠል ይጻፍ፤ ሲበዛም «ሱፐርማርኬቶች» ይባል። «ሃይፐርማርኬት» በማስታወቂያና በውል ውስጥ ሲያጋጥም በፊደላችን ተጽፎ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «በጣም ሰፊ ሱፐርማርኬት» የሚል ማብራሪያ ይከተለው።